አምስት ክንድ ነጭ ጨርቅ

«ቤተክርስቲያን የሌለው ሰው በር የሌለው ቤት ነው» አሉኝ የጋቶኒ አባት። «ውሻም ይገባበታል፣ ጅብም ይገባበታል። ልጄን በር ከሌለው ቤት አላስገባም።»

ከዚያ ሦስት እሑድ ቆረጡልኝ። ሦስት እሑድ እሳቸው በሚያመልኩበት አዳራሽ ተቀምጬ ከታየሁ፣ በቀጣዩ ቅዳሜ ሽማግሌ መላክ እችላለሁ። አለዚያ ጋቶኒ ናኩሩ ከተማ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። «እዚያ ቤተክርስቲያን ያላቸው ወንዶች ሞልተዋል» አሉ። የጋቶኒ አባት፣ ሙዜ ኪቡቺ፣ ድንች ነጋዴ ናቸው፤ ነገርንም እንደ ጆንያ አፍ ጥብቅ አድርገው ነው የሚሰፉት።

በር አልነበረኝም ማለት ግን ውሸት ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ብቻ ነበርኩ፤ ያውም የተዘጋ።

የተወለድኩት ከኮረብታው ሰዎች፣ ከባለ ጥምጥሞቹ ነው። ወንዱም ሴቱም አራስ ልጁም ራሱን በነጭ ጨርቅ ይጠመጥማል። በባዶ እግራችን እንጸልያለን፣ ከበሮ እንመታለን፣ ሰው በእጃችን አንጨብጥም፣ ፎቶ አንነሳም። ሌላው የኪናንጎፕ ደጋ ሰው ከሩቅ ሲያየን «ጥቅል ጎመኖቹ መጡ» ይላል። እኛ ደግሞ ሌላውን ሰው ሁሉ ራቁቱን እንደሚሄድ ነበር የምናየው።

የወጣሁት ከስምንት ወር በፊት ነው። ንዱታ የምትባል ነቢይት በጉባኤ መካከል ተነስታ ወደ እኔ እየጠቆመች «ጋቻንጃን ራሷን ካልሸፈነች ሴት ጋር በወተት ወንዝ ዳር ሲሄድ አየሁት» አለች። ይህን ሕልም ለማየት መተኛት አላስፈለጋትም። እኔ የምሠራው የወተት መረከቢያ ጣቢያ ነው፤ ወተቱ በውሃ መቅጠን አለመቅጠኑን የምለካው እኔ ነኝ። ንዱታ በየጠዋቱ ወተቷን ይዛ ትሰለፋለች፤ ጋቶኒም የአባቷን ወተት ይዛ እዚያው ትሰለፋለች። ሽማግሌዎቹ አንበረከኩኝና ከልጅቷ ጋር የተነጋገርኩትን ቃል በቃል እንድናዘዝ አዘዙ።

«‹ወተትሽ ውሃ አለበት› አልኳት» አልኩ።

እውነቴን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ያልኳት እሱን ነው። አላመኑኝም። እስከ ቀትር ተንበርክኬ ቆየሁ፤ እነሱም «ሌላስ? ሌላስ?» እያሉ፣ ልክ ሕፃናት ተረት ጨምር እንደሚሉ፣ ዙሪያዬን ከበቡኝ። ጉልበቴ ሲደነዝዝ ተነስቼ ወጣሁ። ጥምጥሜን አጥፌ ለእናቴ ሰጠኋት። በዚያን ቀን ነፋሱ ጸጉሬ ውስጥ ሲገባ ሰው እያየኝ ገላዬን የምታጠብ መሰለኝ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ለመድኩት።

እንግዲህ ከዚያ የወጣሁ ሰው ነኝ ሙዜ ኪቡቺ ወደሚያመልኩበት የፓስተር ጊቶንጋ አዳራሽ የሄድኩት። ከድጡ ወደ ማጡ።

አዳራሹ ቀድሞ የሙዜ ኪቡቺ የድንች መጋዘን ነበር። ዛሬም አፈር አፈር ይሸታል፤ ያ ሁሉ የፕላስቲክ አበባ አልረዳውም። ደጃፉ ላይ ሰማያዊ ሪባን በደረቷ ያሰረች አስተናጋጅ ቆማለች። እኔም ደረስኩና ሳላስበው ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ መፍታት ጀመርኩ።

«ወንድም፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ጠጠር ገብቶብኝ ነው።»

«በሁለቱም እግርህ?»

«አዎ፣ በሁለቱም» አልኳትና መልሼ አሰርኩት። በአፈር ጫማ እግዚአብሔር ቤት መግባት ለእኔ በጫማ አልጋ ላይ እንደ መውጣት ነበር። ገባሁ።

ድምፅ ማጉያዎቹ ቁም ሣጥን ያክላሉ። አንዱ ፊቱ ወደ ሕዝቡ ነው። ሌላው በመስኮቱ ወደ ውጭ፣ ወደ ኮረብታው፣ የእኛ ሰዎች ወደሚጸልዩበት ዞሯል። አስተናጋጇን ምነው ብላት «እነሱም እንዲድኑ ነው» አለችኝ፤ በሙሉ ልቧ።

ፓስተር ጊቶንጋ የጫማው አፍ እንደ አይጥ አፍ የሾለ፣ ወፍራም፣ ላቡ የማይደርቅ ሰው ነው። የሚሰብከው በእናታችን ቋንቋ፣ በኪኩዩ ነው፤ ከጎኑ ደግሞ ወደ ስዋሂሊ የሚያስተረጉም ቀጭን ልጅ ይቆማል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ኪኩዩ የማይሰማ አንድም ሰው አልነበረም። ቢሆንም አስተርጓሚ ያለው ቤተክርስቲያን ትልቅ ቤተክርስቲያን ነው። ፓስተሩ ሲዘል ልጁም ይዘላል፤ ፓስተሩ ጠረጴዛ ሲመታ ልጁ አየር ይመታል። ፓስተሩ ሲያለቅስም ልጁ ያለቅሳል፣ ሁለት ቃል ዘግይቶ። ፓስተሩ ጸሎት ሲመራ አንድ ዓይኑን ብቻ ነው የሚጨፍነው። ይህን ያወቅኩት እኔም ስላልጨፈንኩ ነው፤ ተያየን።

የኮረብታው ሰዎች ደንቆሮዎች ናቸው። ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ድንቁርናቸውን በገዛ ጉሮሯቸው ነው የሚጮኹት፤ ጄኔሬተር አይከራዩለትም።

«እንግዶች ቁሙ!» ተባለ። ሦስት ሰው ቆምን። ማይክራፎኑ ወደኔ ደረሰ።

«ጋቻንጃ እባላለሁ።»

«ወንድም ጋቻንጃ ከየትኛው ቤተክርስቲያን ነው የመጣኸው?»

«ከየትም።»

«ከየትም የሚባል ቤተክርስቲያን አለ እንዴ?» አለ ፓስተሩ፤ ሕዝቡ ሳቀ። የፊተኛው ረድፍ ላይ ሙዜ ኪቡቺ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ዘወር ሳይሉ «ከባለ ጥምጥሞቹ ነው» አሉ፤ የገበያ ድንች ከየት እንደ መጣ እንደሚናገሩ።

አዳራሹ «እሰይ!» አለ። በጸሎት የሚጨፈነው የፓስተሩ ዓይን ሳይቀር ፈጠጠ።

«እንግዶቻችንን በጭብጨባ! አንድ! ሁለት! ሦስት! ወርውሩላቸው!»

ሦስት መቶ ሰው ሦስት ጊዜ አጨበጨበና የጨበጠውን አየር ወደኛ ወረወረ። ሌሎቹ ሁለት እንግዶች እጃቸውን ዘርግተው ቀለቡት፤ ደረታቸው ላይም ለጠፉት። እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ።

«ተቀበል እንጂ!» አለችኝ ከጎኔ ያለች ወፍራም ሴትዮ በክርኗ እየጎሰመችኝ። «መሬት ሊወድቅ ነው!»

ተቀበልኩ። ጋቶኒ ከመዘምራኑ መካከል አፏን በመዝሙር መጽሐፉ ሸፍና ትስቅ ነበር። የሷን ሳቅ ሳይ አየሩንም ሆነ ሁሉንም መቀለብ የምችል መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ከዚያ አዳራሽ ያልናቅኩት ነገር እሷን ብቻ ነው።

በሁለተኛው እሑድ ከጸሎት በኋላ ፓስተሩ ቢሮው አስጠራኝ። ቢሮው የሚዛን ክፍል የነበረው ነው። ሙዜ ኪቡቺ ቀድመው ተቀምጠዋል።

«ወንድም ጋቻንጃ! ቁጭ በል፣ ቁጭ በል። ሻይ ስጡት! ወተቱ ንጹሕ ነው፣ አትለካው።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። «የሚመጣው እሑድ ቢሾፑ ከቲካ ከተማ ይመጣሉ። ምስክርነት ትሰጣለህ።»

«የምን ምስክርነት?»

«እንዴት ከጨለማ እንደ ወጣህ ነዋ! አየህ፣ እኛ የዳነ ሰካራም አለን። የዳነ ሌባም አለን፤ እንዲያውም ሦስት። የዳነ ባለ ጥምጥም ግን በዚህ ደጋ ላይ ማንም የለውም።»

«ምን ልበል?»

«ብዙም አትናገር። ጥምጥምህን አድርገህ ትወጣለህ፤ ጥቂት እጠይቅሃለሁ፤ ከዚያ በሕዝቡ ፊት ታወልቀዋለህ። አለቀ። አምስት ደቂቃ።»

«ጥምጥም የለኝም። ለእናቴ መልሻለሁ።»

«ጨርቅ መቼ ጠፋ? እኛ እናዘጋጃለን።»

ወደ ሙዜ ኪቡቺ ዞርኩ። ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ነበር።

«የጋቶኒ አባት፣ እርስዎ ያሉኝ ሦስት እሑድ መቀመጥ ብቻ ነበር።»

«መቀመጡን ተቀመጥክ፤ ማን ካደብህ» አሉ። «ግን ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ያ ባለ ጥምጥሙ አማቼ ነው ልል ነው? ያወለቀው አማቼ ነው ስል ነው የሚያምረው። እሑድ አውልቅ፤ ቅዳሜ ሽማግሌዎችህን ላክ።»

በማግስቱ ጠዋት ወተት ስታስረክብ ለጋቶኒ ነገርኳት። ሰልፉ ረጅም ስለነበር በሹክሹክታ ነው።

«እና ምን ቸገረህ?» አለችኝ። «አውልቀኸው የለ እንዴ? ስምንት ወር ሙሉ ራስህን ገልጠህ ነው የምትዞረው።»

«ያኔ ራሴ ነኝ ያወለቅኩት።»

«አሁንም ራስህ ነህ የምታወልቀው።»

«ድምፅ ማጉያው ወደ ኮረብታው ዞሯል፣ ጋቶኒ። እናቴ ትሰማለች።»

ከኋላዋ ያለው ሰውዬ በወተት ዕቃው ገፋ አደረጋት። «ጨርቅ እኮ ነው፣ ጋቻንጃ» አለች። «ጨርቅ ነው ወይስ እኔ?»

«አንቺ።»

«በል የወተቱን ንገረኝ።»

«ውሃ አለበት» አልኳት፤ ሳቀችና ሄደች። ጨርቅ ነው አልኩ ለራሴ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ነው፣ ጨርቅ ነው እያልኩ ወተት ለካሁ።

ሦስተኛው እሑድ ደረሰ። የቤተክርስቲያኑ ጸሐፊ እኅት ዋይጌራ ሚዛን ክፍሉ ውስጥ አምስት ክንድ ነጭ ጨርቅ ይዛ ጠበቀችኝ። ለሠርግ ድንኳን ማስጌጫ የሚሰቀል፣ የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ወንበር ላይ አስቀምጣ ራሴን ትጠመጥም ጀመር። አገጬ ሥር አሳለፈችው። ከዚያ በጆሮዬ ላይ አዞረችና ግንባሬ ላይ በመርፌ ቁልፍ አሰረችው። በመስኮቱ መስታወት አየሁት፤ ጥርሱ የታመመ ሽማግሌ እመስላለሁ።

«እንደዚህ አይደለም» አልኳት።

«ከሩቅ ማን ያውቀዋል?»

«እንደዚህ አይደለም አልኩሽ!»

ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም፤ ወደ ግድግዳው ሸሸች። ጨርቁን ፈታሁ። ጫፉን በጥርሴ ይዤ በሁለት እጄ ወጠርኩት፣ በቁመቱ አጠፍኩት፣ ከቀኝ ጀምሬ አዞርኩት። እኛ ዘንድ ሲጠመጠም አይወራም፤ መስታወትም አይታይም፤ ጣት ነው የሚያየው። ሰባት ዙር። የመጨረሻውን ጫፍ ከማጅራቴ በላይ ወተፍኩት። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ሴትዮዋን ስለናቅኩ ብቻ ነው። ሙያ የማይችል ሰው ሥራ ሲያበላሽ ቆሞ ማየት አልችልም፤ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

«ውይ!» አለች እኅት ዋይጌራ። «እውነተኛ መሰልክ።»

ወደ መድረኩ ስወጣ ሲሚንቶው እግሬን ቀዘቀዘኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ባዶ እግሬን ነኝ። ጫማዬን መቼ እንዳወለቅኩ አላውቅም። እጄ ጥምጥሙን ሲጨርስ እግሬ የለመደውን አድርጓል።

ቢሾፑ በትልቁ ቀይ ወንበር ላይ ተንጋለው ሆዳቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈዋል፤ አምስት ቀለበት ቆጠርኩ። ፓስተሩ በአንድ እጁ ማይክራፎኑን፣ በሌላው ትከሻዬን ያዘ።

«እዩት! ይህ ልጅ ከየት ነው የመጣው?»

«ከጨለማ!» አለ ሕዝቡ። አስተርጓሚው ልጅ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ፤ ጨለማን መተርጎሙ ነው።

«ወንድም ጋቻንጃ፣ ለእግዚአብሔር ሕዝብ ንገር። በጥምጥማችሁ ሥር ምን ነበር የምትደብቁት?»

«ጸጉር።»

ሕዝቡ ሳቀ። ፓስተሩም ሳቀ፤ ትከሻዬን ግን ጨመቀው።

«ስትታመሙስ? ሐኪም ቤት እንዳትሄዱ ታስራችሁ ነበር?»

«እኔ ታምሜ አላውቅም።»

«በሌሊት ከበሮ ስትመቱ የምትጠሩት መንፈስ ማን ይባላል?»

«እርስዎ የሚጠሩት ነው» አልኩት። «ግን ከበሮ ብቻ ስለሆነ እንደ ማጉያዎ አይጮህም።»

አሁን የሳቁት ጥቂቶች ናቸው። ቢሾፑ ሰዓታቸውን አዩ። ፓስተሩ ማይክራፎኑን ወደ ሆዱ አወረደና ጆሮዬ ላይ «ልጅ፣ አታዋርደኝ» አለኝ። ትንፋሹ የቁርስ እንቁላል ይሸታል። ከዚያ ጮኸ፤ «ዛሬ ነጻነት ነው! አውልቀው!»

«አውልቀው! አውልቀው!» አለ ሕዝቡ።

እጆቼን አነሳሁ። ማጅራቴ ላይ የወተፍኩትን ጫፍ አገኘሁት። እጆቼ እዚያው ቀሩ።

እኛ ዘንድ ጥምጥም ሰው ፊት አይፈታም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ መጋረጃ ዘግቶ ነው የሚፈታው። አባቴን ራሱን ተገልጦ ያየሁት አንድ ቀን ነው፤ ሲገነዝ። ስምንት ወር ሙሉ ራሴን ገልጬ በገበያ ስዞር ያላፈርኩ ሰውዬ፣ አሁን በአምስት ክንድ የድንኳን ጨርቅ ሥር እንደ ሙሽራ አፈርኩ። ጨርቁ የነሱ ነው። አጠማጠሙ ግን የአባቴ ነበር፤ እሱን ለነሱ ልሰጥ አላሰብኩም ነበር። በመስኮቱ በኩል፣ ከጩኸቱ ባሻገር፣ የኮረብታው ከበሮ ይሰማኛል።

«ጓዳ ገብቼ ላውልቀው» አልኩ። ማይክራፎኑ ያዘው፤ ድምፄ ወደ ኮረብታው ሄደ።

«ጓዳ የሰይጣን ነው! እዚህ ነው!»

የፊተኛውን ረድፍ አየሁ። ሙዜ ኪቡቺ አልተቆጡም፣ አልጮኹም። ገዢ ዋጋ ጠርቶ ሲያመነታ እንደሚጠብቁት እጃቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ወደ መዘምራኑ ዞርኩ። ጋቶኒ አሁን አትስቅም። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። «በቃ፣ ቶሎ በል» ነው ያለችኝ፤ እንደ ዘገየ ሰልፈኛ።

አወለቅኩት።

ሰባቱንም ዙር፣ አንድ በአንድ፣ ከግራ ጀምሬ። ጩኸቱ ጣራው ላይ ያለውን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ከጎኔ የምትቀመጠው ወፍራም ሴትዮ ተንሰቀሰቀች። ቢሾፑ በሁለት ጣታቸው አጨበጨቡ፤ ቀለበቶቹ እንዳይጋጩ ይመስለኛል። ፓስተሩ ጨርቁን ከእጄ መንጭቆ መሬት ላይ ጣለው።

«ርገጠው!»

ይህ ቢሮ ውስጥ አልተነገረኝም ነበር። ይሁን፤ ራቁቱን የቆመ ሰው ስለ ካልሲ አይከራከርም። ረገጥኩት። አስተርጓሚው ልጅም ከጎኔ ምንም የሌለበትን ሲሚንቶ ረገጠ። የኮረብታው ከበሮ ቆሞ ነበር። ምሳ ሰዓት ደርሶባቸው ይሁን ሌላ፣ አላውቅም።

የኮረብታው ሰዎች ያንበረከኩኝ ሊያሳፍሩኝ ነበር። እነዚህ ያቆሙኝ ሊያጨበጭቡልኝ ነው። «ሌላስ? ሌላስ?» የሚለው ጥያቄ ግን ያው ነው። ልዩነቱ እዚያ ሳልመልስ መውጣቴ ነው።

ውጭ ሙዜ ኪቡቺ እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ጎበዝ» አሉ። «መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዘገየህ እንጂ። ቅዳሜ። ሽማግሌዎቹ ከሁለት አይብለጡ፤ ፍየሉ ትንሽ ነው።»

«እሺ፣ የጋቶኒ አባት።»

ጋቶኒ እስከ ዋናው መንገድ ልሸኝህ ብላ ተከተለችኝ። ወላጆቿ እያዩ ከእኔ ጋር ስትሄድ የመጀመሪያዋ ቀን ነው። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል፤ ስትራመድ ትንሽ ትዘላለች።

«እናቴ አለቀሰች!» አለችኝ። «እኔ ግን ሳቄን ነበር የያዝኩት። ‹በጥምጥማችሁ ሥር ምን አለ?› ሲልህ ‹ጸጉር!› የፓስተሩን ፊት አየኸው?»

«አየሁት።»

«ደግሞ ጓዳ ልግባ ስትል! ጓዳ!» ሆዷን ያዘች። «እንደ ልጃገረድ! አባቴ እኮ አለቀለት ብሎ ነበር። አየህ ግን? አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ነግሬህ አልነበር?»

«ነግረሽኛል።»

«ከዚያ ደግሞ ‹ርገጠው!› ሲልህ...» መንገዱ መሐል ቆመች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ትንሽ ሰብሰብ አድርጋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እኔን እየሆነች አቧራውን ረገጠች። «እንዲህ! እንዲህ! እንደ ዳክዬ!»

በደንብ ነው የቀዳችው። እግሯ ቆንጆ ነው፣ የእሑድ ጫማዋም አዲስ ነው። ቆሜ አየኋት። ጠዋት ጠዋት ወተት ስለካ ብርጭቆ ውስጥ የምጥለው መለኪያ አለ፤ ወተቱ ንጹሕ ከሆነ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ውሃ ካለበት ቀስ እያለ ይሰምጣል። ስለ እሷ በልቤ ውስጥ ቆሞ የነበረው ነገር እንደዚያ ቀስ እያለ ሲሰምጥ ተሰማኝ፤ ፓስተሩን ያየሁበት ዓይን ነው እሷን ያያት። ላቆመው ፈለግሁ። ጥፋት የለባትም አልኩ፤ ጨርቅ ነው ብላኝ ነበር፣ እኔም እሺ ብያለሁ። አልቆመም።

«ምነው ቆምክ?» አለችኝ ረገጣዋን ትታ። «ደከመህ?»

«ትንሽ።»

«እናቴ ቅዳሜ ድንቹን ከአተር ጋር ቀቅላ ራሷ ልትፈጭልህ ነው። ለማንም አትፈጭም እኮ፤ ለቢሾፑ እንኳ ሠራተኛዋ ናት የፈጨችው።» ክንዴን ያዘችኝ። «ትመጣለህ አይደል?»

«እመጣለሁ» አልኳት።